ብረቱ የት ሄደ?

ጠርዙ የተጎረደ፣ ፊደሉ የተደረበ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ሳንቲም ጅማ ውስጥ ሁለት ዓይነት አቀባበል ያገኛል። መርካቶ ያለው ባለሱቅ አገላብጦ ያየውና «ይሄ አይሠራም፣ ቀይሩልኝ» ይላል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ያው ሳንቲም ፎቶው ተነሥቶ «ብርቅዬ፣ ከፋብሪካው ሲወጣ የተሳሳተ» ተብሎ ይለጠፋል፤ የሚጠራበት ገንዘብ አንድ ኩንታል ቡና ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ የሚሆነው ባለሱቁ ነው። ሳንቲሙ ተጎድቷል እንጂ አልተሳሳተም።

ስህተት የሚባለው ሳንቲሙ ከተመታበት ከማተሚያ ቤቱ በር ሳይወጣ የደረሰበት ነገር ብቻ ነው። ከወጣ በኋላ ሞረድ ቢነካው፣ ሞርሳ ቢጨምቀው፣ እሳት ቢያገኘው፣ የጭነት መኪና ቢሄድበት ጉዳት ነው፤ ሆን ተብሎ ከተደረገ ደግሞ ማጭበርበር። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ቤሳ ቤስቲን አያወጣም፣ እንዲያውም ሳንቲሙ የነበረውን ዋጋ ይበላል። ስለዚህ እንግዳ ሳንቲም እጅ ሲገባ መገረሙን ትቶ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይሻላል፦ ይህን ሊያደርግ የሚችል ማሽን አለ ወይ? ካለስ የጎደለው ብረት የት ሄደ፣ የበዛውስ ከየት መጣ?

ይህን ለመመለስ አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው። ረጅም የብረት ጥቅል በልኩ ውፍረት ይዳመጣል። ከዚያ ላይ ፐንች ክብ ክቡን እየቆረጠ ያወጣል፣ ከተዳመጠ ሊጥ ላይ በብርጭቆ አፍ ብስኩት እንደሚወጣው ማለት ነው። የወጣው ጥሬ ክብ ዙሪያው ተጨምቆ ከፍ ያለ ከንፈር ይበጅለታል። ቀጥሎ ፕሬስ ውስጥ ይገባል፤ ከላይና ከታች ሥዕሉና ፊደሉ ተገልብጦ ጎድጉዶ የተቀረጸባቸው ሁለት ዳዮች አሉ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀለበት ይይዘዋል። ዳዮቹ ሲጋጠሙ ብረቱ እንደ ጭቃ ወደ ቅርጹ ይፈስሳል። ቀለበቱ እንዳይሰፋ ያግደዋል፣ የጠርዙንም ጥርስ ያወጣለታል። እንግዲህ ስህተት የሚገባባቸው በሮች እነዚህ ናቸው፦ ጥሬው ክብ፣ ዳዩና ምቱ። በአንዳቸውም በኩል ሊገባ የማይችል ነገር ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካ ካሊፐር፣ ትንሽ ማግኔትና የስልክ መብራት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በገንዘብ የማይገዛ ነው፦ ያልተጎዱ አሥር ተመሳሳይ ሳንቲሞች ለማነጻጸሪያ። አሥሩን አንድ በአንድ መዝኑ፤ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ስታዩ ጤነኛ ሳንቲም ምን ያህል እንደሚወላውል ታውቃላችሁ። መብራቱን ከላይ አታድርጉት፣ በጎን አግድም አብሩት፤ ጭረትም እብጠትም ጥላ የሚጥለው ያኔ ነው። ደግሞ እባካችሁ በሎሚና በጨው፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት። እውነተኛ ስህተት እንኳ ቢሆን ምስክሩ የሜዳው፣ ማለትም በሥዕልና በፊደል መካከል ያለው ባዶ ገጽ፣ የመጀመሪያ ወዝ ነው፤ ያ ከጠፋ ክርክሩም አብሮ ይጠፋል።

በብዛት የሚቀርበው የተጎረደ ሳንቲም ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። የብረቱ ጥቅል በልኩ ወደፊት ሳይራመድ ሲቀር ፐንቹ ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ በከፊል ይወርዳል፣ የሚወጣው ክብም በአንድ ጎኑ ጨረቃ የነከሰው ይመስላል። እንዲህ ያለው ንክሻ ቅስቱ ከሳንቲሙ ከራሱ ክብ ጋር የተቀራረበ ነው፣ ምክንያቱም የነከሰው ያው ፐንች ነው። ንክሻው አጠገብ ያሉት ፊደሎች እየሳሱ፣ እየተሳቡ ይጠፋሉ፤ ብረቱ ሲመታ ክፍት ወዳገኘው ቦታ ስለሚሸሽ። ከንክሻው ትይዩ ያለው ከንፈርም ይደክማል ወይም ጨርሶ አይኖርም። ይህ የመጨረሻው ምልክት ሰው የሚረሳው፣ አጭበርባሪም የማያውቀው ነው። ከንፈር የሚወጣው ክቡ በሁለት ወገን ተጨምቆ ስለሆነ፣ በአንድ ወገን የሚይዘው ከሌለ በሌላውም የሚጫነው አያገኝም። በፒንሳ ተቆርጦ በሞረድ የተስተካከለ ሳንቲም ግን ትይዩው ከንፈር ሙሉ ነው፣ ፊደሉም ሳይሳሳ ልክ በቢላዋ እንደተቆረጠ በግማሹ ያልቃል፣ በሉፕ ሲታይም የሞረዱ መስመሮች በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል።

ሚዛኑ እዚህ ላይ ሒሳብ ይሠራል። የ1969ኙ የነሐስ አሥር ሳንቲም 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከገጹ አንድ አሥረኛው ከጎደለ ክብደቱ ወደ 4.05 መውረድ አለበት። ጎድሎ እየታየ ሙሉውን 4.5 የሚመዝን ከሆነ ብረቱ አልጠፋም፣ ተገፍቷል፤ መዶሻ ወይም ድንጋይ ወደ ጎን ገፍቶታል ማለት ነው፣ እብጠቱን በአካባቢው ፈልጉ፣ አይጠፋም። ተገላቢጦሹም አለ፦ ሙሉ መስሎ የሚቀልል ሳንቲም። አሲድ የበላው እንዲህ ነው። ዲያሜትሩም ውፍረቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ከንፈሩ ስለት ይሆናል፣ ሜዳው ሸካራ ይሆናል፣ የጠርዙ ጥርስ ይደመሰሳል። ከማተሚያ ቤት ሳስቶ የወጣ ክብ ግን ቀለበቱ ስለያዘው ዲያሜትሩ ሙሉ ነው፣ ጥርሱም አለ፤ የሚደክመው ሥዕሉ ነው።

ሚዛን የማይፈርድበትም ቦታ አለ። ቀለበቱ ሳይነሣ ቀርቶ ዙሪያው ሳይያዝ የተመታ ሳንቲም ይሰፋል፣ ጥርስ አይኖረውም፣ ክብደቱ ግን ሙሉ ነው። በእንጨት መካከል ተደርጎ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ሳንቲምም እንዲሁ ሰፊ፣ ጥርስ አልባ፣ ሙሉ ክብደት ያለው ነው። እዚህ ካሊፐሩን አውጡና ጠርዙን ሳይሆን ውስጡን ለኩ፤ ከአንድ ፊደል ጫፍ እስከ ትይዩው ፊደል ጫፍ። ዳዩ አንድ ስለሆነ በእውነተኛው ላይ የሥዕሉ ልክ ከጤነኛው ብዙም አይርቅም፤ የሰፋው ከሥዕሉ ውጭ ያለው ባዶ ዳር ነው። በተቀጠቀጠው ላይ ግን ፊደሎቹ ራሳቸው ተዘርግተዋል፣ ተደፍጥጠዋል። ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ ከሌላው ወገን ባዶ ጨረቃ የተረፈበት ሳንቲም ግን ብዙ አያስጨንቅም፤ እሱን ቤት ውስጥ መሥራት ከባድ ነው፣ ክብደቱ ሙሉ ከሆነና ባዶው ቦታ የሞረድ ዱካ ከሌለው ልባችሁን ማሳረፍ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ሞርሳው። ብዙ ሰው የሚታለልበት ይህ ነው፣ ለመሥራትም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሁለት ሳንቲሞች ተደራርበው ሞርሳ ውስጥ ይገባሉ፣ እጀታው ይጠመዘዛል፣ ሲወጡ አንዱ በሌላው ላይ ተገልብጦ የጎደጎደ ፊደል ጥሎበታል። ሻጩ «መስታወት ስህተት» ብሎ ያቀርበዋል። እውነተኛው የመስታወት ስህተት በእርግጥ አለ፦ የተመታው ሳንቲም ከዳዩ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ቀጣዩን ክብ ራሱ እንደ ዳይ ሆኖ ይመታዋል። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ሳንቲም በአንድ ገጹ ትክክለኛው ሥዕል፣ በሌላው ገጹ ያው ሥዕል ተገልብጦና ጎድጉዶ ይኖረዋል። ልብ በሉ፣ ያው ሥዕል ነው። በጎደጎደው ገጽ ላይ መኖር የነበረበት የራሱ ሥዕል ከሥር የለም፣ ተመትቶ ስለማያውቅ። ሞርሳ የሠራው ግን የራሱ ሥዕል ከሥር አለ፤ አንበሳው በቦታው ነው፣ ላዩ ላይ የሌላ ሳንቲም ፊደል ተጭኖበታል፣ የተጫነበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ተደፍጥጧል። ከኋላው ብታገላብጡትም የሞርሳው መንጋጋ ያረፈባቸው ከፍታዎች ደብዝዘው ታገኟቸዋላችሁ። ቆዳ ወይም ጣውላ ቢያስገቡ እንኳ ሙሉ በሙሉ አያድነውም።

መስመርና ጭረት ላይ ሕጉ ቀላል ነው። ዳይ ሲሰነጠቅ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ፣ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ መስመር ይወጣል። የሚስማር ጭረት ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሁለቱ ዳርም የተገፋ ብረት ይከመርበታል። ፎቶ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ስለዚህ በፎቶ ብቻ የሚሸጥ «ስንጥቅ» መግዛት ዕድል መሞከር ነው። ከዳዩ ጠርዝ ቁራሽ ከወደቀ በከንፈሩ ላይ ድፍን ጉብታ ይወጣል፤ ብረቱ ወደዚያ ስለሄደ በተቃራኒው ገጽ ልክ ከጀርባው ያለው ቦታ ይደክማል። ጀርባው ጥርት ብሎ የሚታይ ጉብታ በእስታኞ የተጨመረ መሆኑን ጠርጥሩ።

የፊደል መጥፋት ከዚህ ይለያል። ቅባትና አቧራ የዳዩን ጎድጓዳ ሲደፍነው ፊደሉ ሳይወጣ ይቀራል፣ ሜዳው ግን እንደ ሌላው ቦታ ለስላሳና ወዛም ነው። ተፍቆ የጠፋ ፊደል ግን ቦታው ጠባሳ አለው። ሳንቲሞቻችን ዓመታቸው በግዕዝ አኃዝ ስለሚጻፍ፣ ለምሳሌ ፲፱፻፷፱፣ ከላይና ከታች ያሉት ቀጫጭን ሰረዞች ቀድመው የሚደፈኑም ቀድመው የሚያልቁም ናቸው። የሰረዝ መጥፋት ብቻውን ምንም አይነግርም።

ስለ ድርብ ፊደል ብዙ ከንቱ ነገር ይወራል። ዳዩ ላላ ብሎ ከምቱ በኋላ ትንሽ ሲንሸራተት የፊደሉን ጎን ገፍቶ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ ደረጃ ይሠራል። ፊደሉ በዚያ ልክ ይቀጥናል። ይህ የተለመደ ነው፣ ዋጋ የለውም። ዳዩ ራሱ ሲቀረጽ ድርብ ሆኖ ከተቀረጸ ግን ፊደሉ ይወፍራል፣ ሁለቱም ምስል እኩል ከፍታና ክብነት አለው፣ የእግሩ ጫፍም እንደ ዋንዛ ቅርንጫፍ ተሰንጥቆ ይታያል። ከዚያ ዳይ የወጣ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብነት በዚያው ቦታ መያዝ አለበት፤ ሁለተኛ ምሳሌ ከተገኘለት ጉዳዩ አለቀ።

የቀለም ጉዳይ አገራችን ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት የያዙት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ሲወጡ ስሙኒው ክብና መዳብ ነበር፣ ሽልንጉ ብር ነበር፣ ስፋታቸውም ተቀራራቢ ነበር። ስሙኒውን በብር ለብጦ ሽልንግ ብሎ የሚያሳልፍ ተነሣ። መፍትሔው ዛሬም በየቤቱ የሚገኘው ጠርዙ ሞገድ የመሰለ ስሙኒ ሆነ። ሞገዱ በአንዳንዱ ሸካራ፣ በአንዳንዱ የተስተካከለ ነው፤ ሁለቱም የተለመደ ነው፣ ሸካራውን አይታችሁ «ቤት የተቆረጠ» አትበሉት። ክቡና ነጩ ስሙኒ ግን ምናልባት ያ የድሮው ማጭበርበር ነው፣ እንደ ታሪክ ዕቃ ራሱን የቻለ ጣዕም አለው፣ ማተሚያ ቤት በተሳሳተ ብረት ላይ የመታው ግን አይደለም። ለመለየት ከፍ ያሉ ቦታዎችን እዩ፦ የንጉሡ ቅንድብ፣ ጢሙ፣ የአንበሳው ጎፈር። ልብጥ ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ ቀዩ መዳብ ብቅ ይላል። ክብደቱም ከመዳቡ ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል፣ ልብጡ የሚጨምረው በጣም ጥቂት ስለሆነ። በእውነት በሌላ ሳንቲም ክብ ላይ ከተመታ ግን ክብደቱ የዚያ የሌላው ሳንቲም ነው፤ ሚዛኑ ስሙን ይነግራችኋል።

ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። የመጀመሪያዎቹ የ1969 አምስትና አሥር ሳንቲሞች ነሐስ ስለሆኑ ማግኔት አይስባቸውም። ከዓመታት በኋላ የወጡት ተከታዮቻቸው ግን ስቲል ላይ የተለበጡ ናቸው፣ ማግኔት ይስባቸዋል። ይህ የብረት ለውጥ እንጂ ስህተት አይደለም። ልብጡ በአንድ ነጥብ ከተሸነቆረ እርጥበቱ ወደ ስቲሉ ይገባል፣ ዝገቱ ሲያብጥ ልብጡን ከሥሩ ያነሣዋል፤ ከላይ ሲታይ ከዳይ የወደቀ ቁራሽ የሠራው ጉብታ ይመስላል። ክረምቱን በቀይ አፈር ውስጥ ወይም ረጠብ ባለ ጆንያ ሥር ያሳለፈ ሳንቲም እንዲህ ያለ ጉብታ ቢያወጣ አይደንቅም። ጉብታውን በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ነካ አድርጉት። ዝገት ከሆነ ይፈረፈራል ወይም በዳሩ ቡናማ ይታያል። የማተሚያ ቤት ጉብታ ድፍን ነው፣ ወዙም ከሜዳው ወዝ አይለይም። በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሳንቲም ሌላ መልክ ያመጣል፤ የልብስ ማጠቢያም ይሁን የቡና መፈልፈያ ያው ነው። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይወፍራል፣ ሳንቲሙ ይጠብባል፣ ፊደሎቹ ከከንፈሩ ሥር ይገባሉ። እንግዳ ነገር ይመስላል፣ በየቦታው ግን ይገኛል።

ስህተት እየተባሉ የሚሸጡ ጤነኞችም አሉ። ፲፱፻፷፱ የሚል ሳንቲም አዲስ ሆኖ ቢያበራ አትደነቁ፤ ዓመቱ ሳይለወጥ ብዙ ጊዜ ተመትቷል፣ እንደ ፲፱፻፴፮ቱ ሁሉ። የአንበሳው የአገጭ ጢም በአንዳንዱ በግራ በኩል ሁለቱ ረዝመው ዓመተ ምሕረቱን ሊነኩ ይደርሳሉ፣ በሌላው እኩል ተቆርጠዋል፤ ሁለት ዓይነት ዳይ ነው። በምኒልክ ብር ላይም አንበሳው በአንዳንዱ የግራ፣ በአንዳንዱ የቀኝ የፊት እግሩን ያነሣል። ይህም ዓይነት ነው፣ ሊሰበሰብ የሚገባው ነው፣ ግን ማንም አልተሳሳተም። በሁለት ብረት የተሠራው የ2002 አንድ ብር መሐሉ ወልቆ ቢመጣላችሁ መገናኛውን በሉፕ እዩ። መሐሉና ቀለበቱ የሚቆላለፉት በምቱ ጊዜ ነው። ተገፍቶ የወጣ መሐል በጎኑ የተፋቀ ዱካ ይይዛል፣ ቢመልሱትም ይወዛወዛል።

ለጅማ ሰው ትልቁ ጉዳይ ጠገራ ብሩ ነው። በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የሚገበያየው በማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ከየቤቱ ሳጥን ዛሬም ይወጣል። ሁሉም 1780 ይላል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ቪየናን ጨምሮ በልዩ ልዩ አገር ማተሚያ ቤቶች ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ የነጥብና የፊደል ጥቃቅን ልዩነት የትውልድ ቦታ ምልክት ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ብርነቱ ከሺህ 833 ነው። ጠርዙ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቷል። ጉዳቱን የሚናገረውም ጠርዙ ነው። ብሩ የአንገት ጌጥ ሆኖ ከቆየ በኋላ ቀለበቱ ተነቅሎ የተሞረደበት ቦታ ላይ የጠርዙ ፊደል ይቋረጣል፤ ብዙ ጊዜ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ነው፣ ማንጠልጠያው እዚያ ስለሚበየድ። በትራፓኖ ተበስቶ በእስታኞ የተደፈነ ቀዳዳም ቀለሙ ከብሩ ይልቅ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፣ ከብሩም የለሰለሰ ነው። በአሸዋ ተቀርጾ የተቀለጠ ሐሰተኛ ደግሞ የጠርዝ ፊደሉ ደብዛዛ ነው፣ አልፎ አልፎም ዙሪያውን የሚዞር የመጋጠሚያ ስፌት ይታያል።

ብሩን ሳትጎዱ የምትፈትሹበት ዘዴ ይኸውና። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥሉት፣ ሙሉ በሙሉ ይስመጥ፣ ታችም ጎንም አይንካ። የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ ነቅንቃችሁ አራግፉ፣ ያለዚያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ሚዛኑ የሚያሳየው ብሩ የገፋውን ውኃ ነው። ለማሪያ ቴሬዛም ለምኒልክ ብርም፣ የኋለኛው 28.075 ግራም ከሺህ 835 ነውና፣ 2.75 ግራም አካባቢ ማንበብ አለባችሁ። ያው ክብደት ያለው የነሐስ ሥራ 3.3 ገደማ ያሳያል።

ይኸው ውኃ የመጨረሻውን ተንኮልም ያወጣዋል፦ በሁለቱም ገጹ ዘውድ የሆነውን ሳንቲም። «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ተብሎ ሲጣል የማይሸነፈው እሱ ነው። የሚሠራው የአንዱን ሳንቲም ሆድ በቶርኖ ጎድጉዶ፣ የሌላውን ዙሪያ ላጥቶ በማግጠም ነው። በውስጡ ክፍተት ከቀረ ለክብደቱ ከሚገባው በላይ ውኃ ይገፋል። ክፍተት ባይኖረውም ጠረጴዛ ላይ ስትጥሉት የሚሰጠው ድምፅ ደረቅ ነው፣ አይጮህም። ስፌቱን ደግሞ ጠርዙ ላይ አትፈልጉት፤ ከአንዱ ገጽ በኩል፣ ከንፈሩ ከሜዳው በሚገናኝበት ጥግ፣ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ይዞራል።